ስሙ በፊቱ፣ ማንነቱ በድምፁ፦ ያልተለመዱ የድሮ የእጅ ሰዓት ማሽኖችን እንዴት እንለያለን?

አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ከክፍል በኋላ ወደ ቢሯችን መጥቶ በመሐረብ የተጠቀለለ የእጅ ሰዓት ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠ። ሰዓቱ የአያቱ ነበር። ለብዙ ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከቆየ በኋላ ተማሪው አዲስ ባትሪ ቢያስገባለት ተነሥቶ መሥራት ጀመረ፤ ይሁን እንጂ በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ለሰዓት ሠሪ ቢያሳየው ሠሪው ክዳኑን ከፍቶ ተመለከተና «የዚህ ዕቃ የለም፤ ውስጡን አውጥቼ አዲስ ኳርትዝ ልግጠምልህ፤ ፊቱና ቀፎው እንዳለ ይቆያል» አለው። ዋጋውም ውድ አልነበረም። ተማሪው ግን እሺ ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ከነከነው። «መምህር፣ ይህ ሰዓት ቀጭ ቀጭ አይልም፤ እንደ ንብ እምም ይላል። ሴኮንድ ቆጣሪውም አይዘልም፤ ይንሸራተታል። ለምን ይሆን?» ሲል ጠየቀን።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚያስፈልገው ዕውቀት ከመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት ብዙ አያልፍም። በየቤቱ መሳቢያ ከአባትና ከአያት የተወረሱ ሰዓቶች ይገኛሉ። አብዛኞቹ የተለመዱ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ግን በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብቻ ታይተው የጠፉ ማሽኖችን ይዘዋል። እነዚህ ማንነታቸው ሳይታወቅ አንድ ጊዜ ወጥተው ከተጣሉ አይመለሱም። በዚህ ጽሑፍ፣ ሰዓትን ሳንከፍት በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ብቻ ውስጡ ምን ዓይነት ማሽን እንዳለ እንዴት መለየት እንደሚቻል ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፊቱ ስም ለምን አይበቃም?

ብዙ ሰው የሰዓትን ማንነት የሚገምተው ፊቱ ላይ በተጻፈው ስም ነው። ስሙ ግን የሻጩ እንጂ የማሽኑ ላይሆን ይችላል። በስዊዘርላንድ የሰዓት ኢንዱስትሪ ውስጥ ጥሬ ማሽን የሚያመርቱ ፋብሪካዎችና ማሽኑን ገዝተው በራሳቸው ቀፎና ፊት የሚያወጡ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ነበሩ። በ1926 የተመሠረተው ኤቦሽ ኤስ.ኤ. የተባለው ኩባንያ ጥሬ ማሽን አምራቾችን በአንድ ጥላ ሥር ያሰባሰበ ነበር። ይኸው ኩባንያ ያወጣው 9162 የተባለ ማሽን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኦሜጋ፣ በሎንጂን፣ በቲሶና በዜኒት ስም ተሽጧል። ስማቸው የተለያየ፣ ልባቸው ግን አንድ የሆነ ሰዓቶች ነበሩ ማለት ነው።

የዚህም ተቃራኒ አለ። በዚያው ዘመን ኦሜጋ በሞላ የሚሠራ፣ በሚርገበገብ ሹካ የሚሠራና በኳርትዝ የሚሠራ ሰዓት ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር። ስለዚህ «ኦሜጋ ነው» ማለት ስለ ውስጡ የሚነግረን እምብዛም ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱ ወገኖቻችን ጋር የገቡ ሰዓቶች በብዙ ቤቶች ይገኛሉ። በፊታቸው ግርጌ በሩሲያ ፊደል በሶቪየት ኅብረት መሠራታቸው ተጽፎ ይታያል፤ ከቁጥር ቀጥሎ «ካምኔይ» የሚል ቃል ካለም ትርጉሙ «ድንጋዮች» ሲሆን፣ በማሽኑ ውስጥ ሰበቃን ለመቀነስ የተተከሉትን የሩቢ ድንጋዮች ብዛት ያመለክታል። በእነዚህም ዘንድ ስም ብቻውን አይበቃም። በሞስኮ ሁለተኛው የሰዓት ፋብሪካ የተሠራው «ስላቫ» አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚሞላ የተለመደ ሰዓት ነው፤ ነገር ግን በ1960ዎቹ «ስላቫ ትራንዚስተር» የሚባል፣ ባትሪና የሚርገበገብ ሹካ ያለው ሰዓትም በዚሁ ስም ወጥቷል።

ሰዓት ሁሉ ሦስት ነገር ነው

ማንኛውም ሰዓት በሦስት ክፍሎች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው የኃይል ምንጭ ነው፤ የተጠቀለለ ሞላ ወይም ባትሪ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚወዛወዝ አካል ነው። ሦስተኛው ውዝዋዜውን እየቆጠረ ወደ ሴኮንድ፣ ወደ ደቂቃና ወደ ሰዓት የሚለውጥ ቆጣሪ ክፍል ነው። አንባቢው ይህን ክፍፍል በተለይም በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ልዩነት እንዲያስታውስ እንጠይቃለን፤ መጨረሻ ላይ ስለሚያስፈልገን።

በተለመደው የሞላ ሰዓት ውስጥ የሚወዛወዘው ባላንስ የሚባል ትንሽ መንኮራኩር ነው። ከእርሱ ጋር የተያያዘ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቅል ሞላ ወደ መሐሉ እየመለሰ ያወዛውዘዋል። የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ የሚወሰነው በመንኮራኩሩ የኢነርሺያ ሞመንትና በሞላው ጥንካሬ ነው፤ ይኸውም ጊዜው ከሁለቱ ንፅር ዳግም ዘር ጋር ተመጣጣኝ ነው። መንኮራኩሩ በከበደ መጠን ይዘገያል፤ ሞላው በጠነከረ መጠን ይፈጥናል።

የሰዓት ሠሪዎች የሁለት መቶ ዓመት ጥረት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠቃለል፣ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያለውና በራሱ ረጅም ጊዜ መወዛወዝ የሚችል አካል ፍለጋ ነው ልንል እንችላለን። በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ከሚወዛወዘው ባላንስ በሴኮንድ በመቶዎች ወደሚርገበገበው የብረት ሹካ፣ ከዚያም በሴኮንድ በሺዎችና በሚሊዮኖች ወደሚርገበገበው የኳርትዝ ክሪስታል የተደረገው ጉዞ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልፈጀም። ዛሬ ያልተለመዱ የምንላቸው ማሽኖች በአብዛኛው በዚህ ጉዞ መካከል የቀሩ መሸጋገሪያዎች ናቸው። እያንዳንዱም የራሱ ድግግሞሽ ስላለው፣ ድግግሞሹን ያወቀ የማሽኑን ዓይነት ሊያውቅ ይችላል።

በዓይን፦ የሴኮንድ ቆጣሪውን እርምጃ መቁጠር

የመጀመሪያው ምርመራ ሴኮንድ ቆጣሪውን ማየት ነው። በሞላ ሰዓት ቆጣሪው የሚንሸራተት ቢመስልም በእርግጥ የሚሄደው በጥቃቅን እርምጃዎች ነው። ባላንሱ በአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ሁለት ጊዜ ስለሚመታ፣ በሴኮንድ የሚታየው እርምጃ የድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። የተለመዱት መጠኖች የሚከተሉት ናቸው፦

በሰዓት 18,000 ምት — በሴኮንድ 5 እርምጃ፣ 2.5 ሄርዝ
በሰዓት 21,600 ምት — በሴኮንድ 6 እርምጃ፣ 3 ሄርዝ
በሰዓት 28,800 ምት — በሴኮንድ 8 እርምጃ፣ 4 ሄርዝ
በሰዓት 36,000 ምት — በሴኮንድ 10 እርምጃ፣ 5 ሄርዝ

እነዚህን በዓይን ብቻ መቁጠር አስቸጋሪ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ስማርት ስልኮች በዝግታ የሚያሳይ ቪዲዮ ስለሚቀርጹ፣ አንድ ሴኮንድ ያህል ቀርጾ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። አሥር እርምጃ ከተቆጠረ በእጃችን ያለው የተለመደ ሰዓት አይደለም። ይህን ያህል የሚፈጥኑ ማሽኖች የወጡት በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ የጂራር-ፔርጎ ማሽን በ1966፣ በ1969 የወጣው የዜኒት ኤል ፕሪሜሮም ከታወቁት መካከል ናቸው።

ቆጣሪው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዘል ከሆነ አብዛኛው ሰው «ኳርትዝ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ብዙውን ጊዜም አይሳሳትም። ነገር ግን በ1950ዎቹ ሆን ተብሎ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲዘል የተሠሩ የሞላ ሰዓቶች ነበሩ። በ1954 የወጣው ሮሌክስ ትሩ-ቢት አንዱ ነው። የዚያ ዘመን ሐሳብ ለሐኪምና ለመሐንዲስ ሴኮንድን በጥራት ለመቁጠር እንዲመች ነበር። እንዲህ ያለውን ሰዓት ወደ ጆሯችን ብናስጠጋው በሴኮንድ አምስት ምት እንሰማለን። ዓይን ኳርትዝ ነው ሲል ጆሮ አይደለም ይላል፤ ስለዚህ የሁለቱን ምስክርነት ሳናስተያይ መፍረድ የለብንም።

ባትሪ አለው፣ ግን ቀጭ ቀጭ ይላል

ሌላው ግራ የሚያጋባ ሰዓት ባትሪ ያለው ሆኖ እንደ ሞላ ሰዓት በሴኮንድ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ የሚመታው ነው። በዚህ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ባላንስ ነው። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ የእጅ ሰዓት በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ፣ ላንካስተር ከተማ የነበረው የሃሚልተን ኩባንያ በጥር 1957 ያወጣው ካሊበር 500 ነው። በባላንሱ ላይ ጥቅል ሽቦ ተገጥሞ፣ ባላንሱ ሲወዛወዝ እጅግ ቀጭን የሆኑ የመገናኛ ሽቦዎች ለቅጽበት ይነካካሉ፤ ያን ጊዜ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከቋሚ ማግኔቶች ጋር ተገፋፍቶ ለባላንሱ ትንሽ ግፊት ይሰጠዋል። ፈረንሳዊው ሊፕ ኩባንያም በ1958 የራሱን አቀረበ።

የእነዚህ ማሽኖች ድክመት መገናኛው ነው። በየምቱ የምትፈጠረው ብልጭታ ሽቦዎቹን ቀስ በቀስ ትበላቸዋለች። በኋላ ትራንዚስተር መገናኛውን ተካው። ኤቦሽ ኤስ.ኤ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ዳይኖትሮን የሚባለው ማሽን በሰዓት 21,600 ምት የሚመታ ሲሆን፣ የሚነካካ ሽቦ ስለሌለው ያ ድክመት አልነበረበትም። ለለዪው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ባትሪ ኖሮት በሴኮንድ ከአንድ በላይ እርምጃ የሚራመድ ሰዓት ካገኘ፣ በተለመደ ሰዓት ላይ እንደሚደረገው በመርፌም ሆነ በወረንጦ ሊነካካው አይገባም።

በጆሮ፦ የሚያንጎራጉሩ ሰዓቶች

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ ተቃርበናል። የቡሎቫ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ሄትዘል በ1950ዎቹ፣ ባላንሱን ትቶ የሙዚቃ መሣሪያ ቃኚዎች የሚጠቀሙበትን የብረት ሹካ በሰዓት ውስጥ አስገባ። በጥቅምት 1960 አኩትሮን በሚል ስም የቀረበው ይህ ሰዓት በውስጡ በሴኮንድ 360 ጊዜ የሚርገበገብ ትንሽ ሹካ አለው። በሹካው ጫፎች ላይ ማግኔቶች አሉ፤ በማግኔቶቹ መካከል ጥቅል ሽቦዎች ይገኛሉ። ሹካው ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ትራንዚስተሩ ያን ምልክት ተቀብሎ በትክክለኛው ቅጽበት የባትሪውን ኃይል ይለቅና ሹካውን ይገፋዋል።

የሚያስደንቀው ቆጣሪው ክፍል ነው። ከሹካው አንድ ክንድ ጋር የተያያዘች በጫፏ ድንጋይ ያላት ቀጭን ሽቦ፣ ዲያሜትሯ 2.4 ሚሊሜትር የሆነች መንኮራኩር ጥርስ በጥርስ ትገፋለች። መንኮራኩሯ 300 ጥርሶች አሏት። የመንኮራኩሯን ዙሪያ ለ300 ብናካፍለው ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 0.025 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ሹካው በሴኮንድ 360 ጊዜ ስለሚርገበገብ መንኮራኩሯ በሴኮንድ 1.2 ጊዜ ትዞራለች። ዓይናችን በሴኮንድ 360 እርምጃ መለየት ስለማይችል ሴኮንድ ቆጣሪው የሚንሸራተት ይመስለናል። የምንሰማውም እምምታ የሹካው ንዝረት ነው።

የሚያንጎራጉር ሰዓት ሁሉ ግን አኩትሮን አይደለም። ልዩነቱን የሚነግረን የድምፁ ድግግሞሽ ነው፦

256 ሄርዝ — ቤታ 21
300 ሄርዝ — ኤቦሽ 9162፣ ማለትም ከላይ የጠቀስነው ባለ ብዙ ስም ማሽን
341.3 ሄርዝ — የቡሎቫ አኩኳርትዝ
360 ሄርዝ — አኩትሮንና ስላቫ ትራንዚስተር
720 ሄርዝ — ኦሜጋ ሜጋሶኒክ

ከእነዚህ ሁለቱ በተለይ አታላዮች ናቸው። ቤታ 21 በኑሻቴል የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ማዕከል የተሠራና በ1970 ለገበያ የቀረበ የስዊዘርላንድ የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ማሽን ነው። ክሪስታሉ በሴኮንድ 8,192 ጊዜ ይርገበገባል፤ የኤሌክትሮኒክ ወረዳው ይህን በተከታታይ ለሁለት እያካፈለ ወደ 256 አውርዶ የሚርገበገብ ትንሽ ሞተር ያንቀሳቅስበታል። ስለዚህ ኳርትዝ ሆኖ ሳለ ያንጎራጉራል፤ ቆጣሪውም ይንሸራተታል። አኩኳርትዝ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ነው። በውስጡ ሹካ አለ፤ ሹካውን የሚመራው ግን በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል ነው። 32,768ን ለ96 ብናካፍለው 341.3 እናገኛለን። ይህን ቁጥር በመለኪያ ያየ ሰው ሰዓቱን ሳይከፍት ክሪስታልና ሹካ በአንድነት መኖራቸውን ያውቃል።

ልኬቱን ለመሥራት የሚያስፈልገው ድምፅን ወደ ድግግሞሽ የሚተነትን ፕሮግራም ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ነው። ሰዓቱ በባዶ የእንጨት ሳጥን ወይም በክራር ገበቴ ላይ ቢቀመጥ ድምፁ ይጎላል፤ ገበቴው ለክሩ የሚሠራውን ሥራ ለሹካውም ይሠራለታል። የአሥር ሴኮንድ ቅጂ ድግግሞሽን እስከ 0.1 ሄርዝ ድረስ ለመለየት ያስችላል፤ ይህም 341.3ን ከ360 ለመለየት ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ድግግሞሽ 50 ሄርዝ ስለሆነ ትራንስፎርመሮችና የፍሎረሰንት መብራቶች በ100 ሄርዝና በብዜቶቹ ያንጎራጉራሉ። ከብዜቶቹ አንዱ 300 ነው። ይህ ከኤቦሽ 9162 ድምፅ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ መብራቱን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ በመጀመሪያ ሰዓቱ በሌለበት አንድ ቅጂ መውሰድ፣ ቀጥሎ ከሰዓቱ ጋር ሌላ ቅጂ መውሰድና ሁለቱን ማነጻጸር ያስፈልጋል። በሁለቱም ቅጂ የሚታየው የመስመሩ እንጂ የሰዓቱ ድምፅ አይደለም።

በእጅ፦ ስበትና ክብደት

የሹካ ሰዓትን ከኳርትዝ ለመለየት ሌላም መንገድ አለ። የሹካው ክንዶች ጫፋቸው ወደ ታች ሲሆን የመሬት ስበት እንደ ፔንዱለም ወደ መሐል በመመለስ ያግዛቸዋል፤ ወደ ላይ ሲሆን ደግሞ ያዘገያቸዋል። የክንዱን ርዝመት ወደ 2 ሳንቲሜትር ብንወስድና ለ360 ሄርዝ ብናሰላው፣ ልዩነቱ ሰዓቱ ተጋድሞ ከሚሄድበት ፍጥነት በቀን 4 ሴኮንድ ያህል ወደዚህ ወይም ወደዚያ ይሆናል። ሰዓቱን አንድ ቀን 12 ቁጥር ወደ ላይ፣ ሌላ ቀን 6 ቁጥር ወደ ላይ አቁሞ ማነጻጸር ይቻላል። በሴኮንድ በሺዎች የሚርገበገብ ትንሽ ክሪስታል በተመራ ሰዓት ላይ ግን ይህን የመሰለ ልዩነት አይታይም።

የሞላ ሰዓቶችን በተመለከተም እጅ ብዙ ይናገራል። በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ሰዓት በቀስታ ሲወዘወዝ በውስጡ ያለው ግማሽ ክብ ክብደት ያለ እንቅፋት ሲዞር ይሰማል። በአንዳንድ የቆዩ ሰዓቶች ግን ክብደቱ ጥቂት ይሄድና «ጠቅ» ብሎ እየተጋጨ ይመለሳል። ይህ ክብደቱ በሁለት ትንንሽ ሞላዎች መካከል ብቻ የሚመላለስበት የመጀመሪያው ዓይነት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሃርውድ በ1924 በስዊዘርላንድ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሰዓት በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር፤ ሙሉ ዙር የሚዞረውን ክብደት ሮሌክስ በ1931 ቢያወጣም፣ የሚጋጨው ዓይነት እስከ 1950ዎቹ በሌሎች ድርጅቶች ሲሠራ ቆይቷል። ሰዎች ይህን ግጭት እንደ ብልሽት ቆጥረው ለማስጠገን ይሄዳሉ፤ ሰዓቱ ግን ጤናማ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት

ከላይ የተጠቀሱት ምርመራዎች የማሽኑን ዓይነት ይነግሩናል። ትክክለኛውን ካሊበር ለማወቅ ግን ክዳኑ መከፈት አለበት፤ ይህም ልምድ ባለው ሰዓት ሠሪ እጅ ቢሆን ይመረጣል። የካሊበሩ ቁጥርና የአምራቹ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከባላንሱ ሥር ወይም አጠገብ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም። ምልክቱ ካልተገኘ የማሽኑ ዲያሜትር ይለካል። የሰዓት ሠሪዎች ባህላዊ መለኪያ «ሊን» ሲሆን አንድ ሊን 2.256 ሚሊሜትር ነው፤ ባለ 10 ተኩል ሊን ማሽን 23.7 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ከፊቱ ሥር የሚገኙት የማስተካከያ ክፍሎች ቅርጽ ደግሞ በየካሊበሩ ስለሚለያይ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። የቆዩ የሰዓት ሠሪ መጽሐፎችም በዚህ ቅርጽ ነው የሚመሩት።

ሁለት አደጋዎችን ሳናነሣ አናልፍም። የመጀመሪያው ለሰዓቱ ነው፦ በሹካና በኤሌክትሪክ ሰዓቶች ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ከፀጉር በብዙ የቀጠነ ስለሆነ አንድ የወረንጦ ስሕተት ይበጥሰዋል። ሁለተኛው ለሰው ነው፦ ከ1960ዎቹ በፊት በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡ ብዙ የሰዓት ፊቶች ራዲየም አለባቸው። የራዲየም-226 ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው። ዛሬ ፊቱ የማያበራ መሆኑ ራዲየሙ ማለቁን አያሳይም፤ የተበላሸው ብርሃን ሰጪው ዚንክ ሰልፋይድ ነው። እንዲህ ያለውን ፊት መፋቅና ብናኙን መተንፈስ አደገኛ ስለሆነ፣ በላቦራቶሪ ጋይገር መለኪያ ሳይመረመር መከፈት የለበትም።

ወደ ተማሪያችን ሰዓት እንመለስ

የተማሪያችንን ሰዓት ክራር ገበቴ ላይ አስቀምጠን ድምፁን ቀዳን። በመለኪያው ላይ በ360 ሄርዝ አንድ የጠራ ጫፍ ታየ። በጎኑ የመሙያ ቁልፍ የለውም፤ ሰዓቱ የሚስተካከለው በጀርባው በምትታጠፍ ትንሽ እጀታ ነው። ይህ የመጀመሪያው የአኩትሮን ማሽን፣ የካሊበር 214 መለያ ነው።

የቀረው ጥያቄ ለምን በቀን ሃያ ደቂቃ ይቀድማል የሚለው ነበር። አንድ ቀን 1,440 ደቂቃ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ከዚህ 1.4 በመቶ ያህል ነው። ጥፋቱ የሹካው ቢሆን ኖሮ ድግግሞሹ 365 ሄርዝ መሆን ነበረበት። እኛ የለካነው ግን 360 ነው። እንግዲህ ልቡ በትክክል ይመታል፤ የተሳሳተው ቆጣሪው ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው፦ ይህ ሰዓት የተሠራው 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነበር። የሜርኩሪ ባትሪዎች በመርዛማነታቸው ምክንያት በብዙ አገሮች ታግደዋል፤ አሜሪካም በ1996 ሽያጫቸውን በሕግ ከልክላለች። ዛሬ በሱቅ የሚገኘው የብር ኦክሳይድ ባትሪ 1.55 ቮልት ይሰጣል። ጭማሪው የሹካውን ድግግሞሽ አይለውጥም፤ የርግብግቡን ስፋት ግን ያሳድጋል። ስፋቱ ሲያድግ መንኮራኩሯን የምትገፋው ድንጋይ አልፎ አልፎ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ጥርስ ትዘላለች፤ ሰዓቱም ያልኖረውን ጊዜ ይቆጥራል።

ግምታችንን ለመፈተን ባትሪውን አውጥተን ከላቦራቶሪው የኃይል ምንጭ 1.35 ቮልት ሰጠነው። በማግሥቱ ስናየው የቀደመው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነበር። ማሽኑ ጤናማ ነው፤ የሚያስፈልገው ቮልቴጁን የሚቀንስ ባትሪ መያዣ፣ ወይም ቆጣሪውን ለአዲሱ ባትሪ የሚያስተካክል የታገሠ እጅ ነው።

ተማሪው የልኬቱን ወረቀት ይዞ ወደዚያው ሰዓት ሠሪ ተመለሰ። ሰዓት ሠሪውን መውቀስ አይገባም፤ የእነዚህ ማሽኖች መጽሐፍም ሆነ መለዋወጫ እጁ ገብቶ አያውቅም። በጥሞና አዳመጠውና በአጉሊ መነጽር እየተመለከተ ቆጣሪውን ለማስተካከል ተስማማ። ከዚያም «እንዲህ የሚያንጎራጉሩ ሦስት አራት ሰዓት መጥተውልኝ ሁሉንም ውስጣቸውን አውጥቼ ለውጫቸዋለሁ» አለው።

አንባብያን ሆይ፣ በቤታችሁ መሳቢያ የቆየ ሰዓት ካለ፣ ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ጆሯችሁ አስጠጉት። ሴኮንድ ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ እርምጃውን ቁጠሩ፤ በዝግታ ወዝውዙት። የሰማችሁትንና የቆጠራችሁትን በወረቀት ጻፉና ከሰዓቱ ጋር ለሠሪው ስጡት።